ያልተናዘዝኸውን አልጽፍም

ይድረስ ለባለቤቴ ለደምሴ፤

ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ላርም። መሐል ሜዳ ገበያ ላይና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለ እኔ የሚወራ ነገር አለ። «አስካለ ምን ታድርግ? ደምሴ ራሱ ተናዝዞ ነው። በማሽን አታቆዩኝ ብሎ በሽማግሌ ፊት ተናግሯል፤ እሷ የባሏን ቃል ነው የፈጸመችው» ይላሉ። በክፋት የተነሣ ወሬ አይደለም፤ አዝነውልኝ ነው። ነገር ግን ሐሰት ነው። አንተ እንዲህ ያለ ቃል በሽማግሌም ፊት፣ በእኔም ፊት አልተናገርህም። የመተንፈሻው ቱቦ ከአፍህ የወጣው እኔ ስለወሰንሁ ነው። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ ገብቶኝ ፈርሜአለሁ። ሰው በአንተ ስም ያላልኸውን ሲያወራ ዝም ብዬ ብሰማ ከሁሉ በፊት የምበድለው አንተን ነው።

አሁን ሰላም ላንተ ይሁን። ከተለያየን ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነን። በሰው ፊት አንቱ፣ በራችን ሲዘጋ አንተ እያልሁህ አርባ ዓመት ኖረናል። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበውም አንተ ማለቴን አልተውም። በዚህ ዕድሜዬ ከማን ልደበቅ?

ቤቱ እንዳለ ነው። የማድ ቤቱ ክዳን ታድሷል። ከጋራው ሜዳ ከጓሳ ማጨድ ጀምረህ የተውኸውን ሣር ጎረቤቶች ጨርሰው አመጡልኝ። ክዳን ሠሪው አጣሞ ስለከደነው አስፈርሼ እንደገና አሠራሁት። «እትዬ፣ ዝናብ ካላስገባ ምን ቸገረዎት?» አለኝ። «ዝናብ ባይገባበት ዐይኔ ይገባበታል» አልሁት። ስታጉረመርም የሰማሁህ መሰለኝ፤ አንተም ከእሱ ጋር ነበር የምትወግነው። በልጉ ደህና ይዟል፣ የታችኛውን ማሳ ብቻ ውርጭ መታው። ከበጎቹ አሮጊቷ ሞታለች፤ በሽታ አልነበረባትም፣ ዕድሜዋ ነው። ሬዲዮኑን አንተ በተውህበት ጣቢያ ላይ ትቼዋለሁ፤ ጣቢያው ግን ከአንተ ወዲህ የረባ ነገር አላወራም።

በኑዛዜህ ያዘዝኸውን ሁሉ አድርሻለሁ። የበግ ጠጉር ባናህን ለመምሬ ላቀው ሰጥቻለሁ፤ ብርድ ሲሆን እሳቸው ለብሰውት ሳይ ከኋላ አንተ ይመስሉኛል፣ ዞር ሲሉ እናደዳለሁ። ዳማውን ፈረስ ከነኮርቻው ለወንድምህ ለታደለ አስረክቤአለሁ። ታደለ ሰላምታ ከነፈገኝ ሰባት ወሩ ነው። በደጄ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ማዶ ያዞራል። ዳማው ግን ልማዱን አልተወም፤ ከአጥሩ በር ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ታደለ ልጓሙን ይስባል፣ በእግሩ ይወጋዋል፣ «ቺ! ቺ!» ይላል፤ ፈረሱ ወይ ፍንክች። እኔ እወጣና አንድ እፍኝ ገብስ አበላዋለሁ። ታደለ እላዩ ላይ ተቀምጦ ሰማዩን ያያል። አንድ ቀን ለፈረሱ «ከጌታህ አንተ ትሻላለህ፣ ቤት ታውቃለህ» አልሁት፣ ጮክ ብዬ። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። ይስቅ ይሆን ያለቅስ አላወቅሁም።

ልጃችን ጽጌ ግን ቤታችን አልገባችም። በአርባህ ቀን ከደብረ ብርሃን መጥታ መቃብርህ ላይ ቆማ ከዚያው ተመለሰች። በመንፈቅህም እንዲሁ አደረገች። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ፤ ያን መምጣት ነው ያቃታት። የምጽፍልህ ስለዚህ ነው።

ወደ ኑዛዜህ ልመልስህ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሳንባህን ታመህ ከተነሣህ በኋላ ሽማግሌ ጠራህ። ጋሽ ወርቁ ነበሩ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ላቀውም ነበሩ። ጸሐፊዋ እኔ ሆንሁ። ጋሽ ወርቁ «ባለጉዳይ ጸሐፊ ሆና አታውቅም፤ ግን በዚህ ሰፈር ጽሕፈቷ የሚነበብ እሷ ብቻ ናት» ብለው ሳቁ። አንተ ተናገርህ፣ እኔ ጻፍሁ። ፈረሱ፣ ኮርቻው፣ ባናው፣ መጥረቢያው፣ ያ ሁለት ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላ እንኳ አልቀረም። የትኛው ዛፍ ሥር እንደምትቀበር ሳይቀር አስጻፍህ። ከታች ሽማግሌዎቹ አሻራቸውን አኖሩ፣ አንተ ፈረምህ።

ስለ ትንፋሽህ ግን አንድ ቃል አልተናገርህም።

እኔም አልጠየቅሁህም። በእኛ ዘንድ የኑዛዜ ጸሐፊ አይጠይቅም፤ የተናዛዡን ቃል እንደ ወረደ ይጽፋል። ሚስት ጸሐፊ ስትሆን ደግሞ ይብሳል። «ሞትህ እንዴት ይሁን?» ብላ ብትጠይቅ «ምነው ቸኮለች» ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሳስተምር፣ ተማሪ ጥያቄ ዘሎ ሲሰጠኝ ወረቀቱን መልሼ ስወረውር ኖሬ፣ ትልቁን ጥያቄ ራሴ ዘልዬ ወረቀቱን አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። የአንተም ነው፣ ደምሴ። ለጃንጥላ አሳቢ ያቆምህ ሰው ለራስህ እንዴት ረሳህ? በሕይወትህ ሁሉ ከባዱን ነገር ለእኔ እየተውህ «አንቺ ይሻልሻል» ትል ነበር፤ ከሆነ በኋላ ደግሞ «እኔ ብሆን እንዲህ አላደርግም ነበር» ትላለህ። አሁን ይህን እንኳ ልትለኝ የለህም።

በወደቅህ ቀን ተዘግቶ የከረመው ጓሳ ለአጨዳ ከተከፈተ አራተኛው ቀን ነበር። ማጭዱ በእጅህ እንዳለ ነው የወደቅኸው አሉኝ። በቃሬዛ መንገድ ድረስ አወረዱህ፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ተላክህ። ጭንቅላትህ ውስጥ ደም ፈስሷል አሉ። ከዚያ ቱቦ፣ ከዚያ ማሽን። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛህ። ጽጌ ሥራዋን ትታ አሥራ ዘጠኙንም ቀን በኮሪደሩ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ አደረች። ልብ አድርግልኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ደክማለች። ጠዋት ጠዋት ጸበል ይዛ እየገባች ከንፈርህን ታርሰው ነበር።

ሐኪሟ ለጋ ልጅ ናት። መጀመሪያ «እማማ፣ አይዞዎት» አለችኝ። «አይዞሽ ማለቱን ለኋላ አቆዪውና ያየሽውን ንገሪኝ» አልኋት። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ አከበርኋት። ይነቃል ብላ እንደማታስብ ነገረችኝ። ዐይንህ ለብርሃን እንደማይመልስ፣ እጅህ ሲቆነጠጥ እንደማይሸሽ፣ ሳንባህ በማሽን እንጂ በራሱ እንደማይበቃ አስረዳችኝ። «መቶ በመቶ ነው?» አልኋት። «መቶ በመቶ ብዬ አልዋሽዎትም። በሥራዬ ካየሁት ግን እንዲህ ሆኖ የተነሣ የለም» አለችኝ። ከዚያ ቀጥላ «እሳቸው እንዲህ ቢሆኑ ምን እንደሚፈልጉ ተናግረው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህችን ጥያቄ አስብልኝ፣ ደምሴ። «አዎ፣ ተናግሯል» ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? ሸክሙ ሁሉ ወደ አንተ ይዞር ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። «አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁትም» አልኋት። ብዕሯን አስቀመጠችና «እንግዲያስ ቤተሰቡ ተማክሮ ነው» አለች።

ተማከርን፤ ምክር ከተባለ። ታደለ «እግዜር የሰጠውን ነፍስ እግዜር ይውሰድ እንጂ ሰው እጁን አያስገባም» አለ። «እግዜርማ ሊወስደው እጁን ዘርግቷል፤ በላስቲክ ቱቦ እየጎተትን የያዝነው እኛ ነን» አልሁት። «ድሮም የመርሐቤቴ ሰው! ለመንዝ ሰው ምን አንጀት አለሽ?» አለኝ። ከዓለም ከተማ መጥቼ አርባ አራት ዓመት በዚህ ብርድ ስቀመጥ አንጀቴ የት አገር እንደነበረ ሳይጠይቀኝ ኖሮ፣ ያን ዕለት ትዝ አለው።

ጽጌ ግን አልተቆጣችም። ዝቅ ባለ ድምፅ «እማዬ፣ አባዬ ጠዋት ተነሥቶ በጎቹን ሳያይ የማይውል ሰው ነው። መኖር የሚወድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሞትን ይመርጣል ብለሽ በምን አወቅሽ?» አለችኝ።  ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ ተማሪዬ ብትሆን ሙሉ ማርክ ነበር የምሰጣት። ዛሬም ብትጠይቀኝ መልስ የለኝም። አንተ ሞትን ትመርጥ እንደሆነ አላውቅም። በዚያ ማሽን ላይ ስድስት ወር ተኝተህ ጽጌ ከንፈርህን ስታርስልህ መኖርን ትመርጥ እንደሆነም አላውቅም። አርባ ዓመት አብሬህ ኖሬ ይህን አላወቅሁም።

የምትፈልገውን ባላውቅም የሚደረግብህን ግን አይቻለሁ። በቀን ስንት ጊዜ ቱቦው ውስጥ ቀጭን ቱቦ እየሰደዱ አክታህን ሲስቡ ደረትህ እንዴት እንደሚነሣ አይቻለሁ። ጀርባህ መቁሰል ጀምሮ ነበር፤ አገላብጠው ሲያጥቡህ አይቻለሁ። አንተ እኔ እንኳ ጀርባህን ሳሽልህ «ይበቃል፣ ይበቃል» የምትል ሰው ነበርህ። ይህ ማስረጃ አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ «እንዲህ ይፈልግ ነበር» ማለት አይቻልም፤ ማንም እንዲል አልፈቅድም። ያየሁትን አይቼ፣ ሐኪሟ ያለችኝን ሰምቼ፣ ከአሁን በኋላ የሚጨመረው ቀን ለአንተ ሳይሆን ለእኛ ነው ብዬ የፈረድሁት እኔ ነኝ። ፍርድ ነው። ፍርድ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። ተሳስቼ ከሆነ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ከአንተ ጋር አልካፈለውም።

አንዲት ነርስ ልታጽናናኝ ብላ «ማሽኑን የምትጠብቅ አንዲት ወላድ አለች፤ ነፍስ ያድናሉ» አለችኝ። አመሰግናታለሁ፣ ወላዷ ድና እንደሆነም ደስ ይለኛል። ምክንያቴ ግን እሷ አልነበረችም፤ አንተን ሰጥቼ ጽድቅ አልለወጥሁም።

አሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፈረምሁ። ጽጌ ሐኪሟ ስትናገር አልሰማም ብላ ውጭ ቆማ ነበር። ሐኪሟ ለእኔ አስቀድማ ነግራኛለች፤ «ቱቦው ሲወጣ ወዲያው ላያበቃ ይችላል፤ በራሳቸው ደቂቃም ሰዓትም ሊተነፍሱ ይችላሉ፤ ሥቃይ እንዳይሰማቸው መድኃኒት እንሰጣለን» ብላኛለች። ይህን እያወቅሁ ነው የገባሁት። ቱቦውን አወጡት። ማሽኑ ዝም አለ። አንተ ተነፈስህ።

እጅህን ይዤ ዳዊት መድገም ጀመርሁ። በልጅነቴ ዓለም ከተማ የኔታ በአርጩሜ ያስያዙኝን፣ መጽሐፍ የማልፈልግበትን። ስድስተኛው መዝሙር ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተ። ጽጌ ነበረች። ደረትህ ከፍ ዝቅ ሲል አየችው። «ይተነፍሳል! አባዬ ይተነፍሳል! መልሱለት! እማዬ፣ በእናትሽ፣ መልሱለት በያቸው!» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ሐኪሟ አየችኝ። ነርሷ አየችኝ። ሁሉም የእኔን አፍ ነበር የሚያዩት።

«አይመለስም» አልሁ።

ይኸውልህ፤ ሰው አንድ ጊዜ የወሰንሁ ይመስለዋል። ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን በወረቀት፣ ሁለተኛውን ልጄ እግሬ ሥር ሆና፣ አንተ እየተነፈስህ። መቶ ጊዜ ያህል ወደዚያ ክፍል በሐሳቤ ተመልሼአለሁ፤ መቶ ጊዜም ያንኑ ቃል እላለሁ። እንባ አልወጣኝም። ጽጌ ያላለቀስሁት ስላልወደድሁህ መስሏታል። እኔ ዳዊቱን እንዳላቋርጥ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ተነፈስህ። ከዚያ አንዱን ትንፋሽ ስጠብቅ ሳይመጣ ቀረ።

መምሬ ላቀው ከቀብርህ በኋላ ንስሐ ስገባ ሁሉን ነገርኋቸው። «ልጄ፣ ይህን ማሽን በመጽሐፍ ፈልጌ አላገኘሁትም» አሉኝ። ወደድኋቸው ስለዚህ ቃል። ቀኖና ሰጡኝ፤ ሰገድሁ። ነገር ግን «ስለ ቁጣዬና ስለ ትዕቢቴ እሰግዳለሁ፤ ስለዚህ ነገር ግን ጥፋተኛ ነኝ ብዬ አልሰግድም፤ ይህን ለፈጣሪ በአፌ ነው የምመልሰው» አልኋቸው። «ትዕቢትሽስ ይኸው አይደለም?» አሉኝ። ሊሆን ይችላል። አሥር ስግደት ጨመርሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሽ ወርቁ ከመምሬ ላቀው ጋር መጡ። ታደለም መጥቶ ነበር፤ ግን ከአጥር በር አልገባም፣ ፈረሱን ይዞ ውጭ ቆመ። ፈረሱ ግማሽ አካሉን አስገብቶ እሱ ውጭ ነበር። ጋሽ ወርቁ ኑዛዜህን አምጪ አሉኝ፤ አመጣሁ። ወረቀቱን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ከመጨረሻው መስመርና ከአሻራቸው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በጣታቸው ለኩ። ሁለት ጣት ነው።

«ይኸው ቦታ አለ» አሉኝ። «ጽሕፈቱ ያንቺ፣ ብዕሩ ያንቺ፣ አሻራው የእኛ። አንድ መስመር ብቻ ጨምሪበት፤ በሽታዬ ቢጠና በማሽን አታቆዩኝ ብሏል በይ። እኔ ሰምቻለሁ ብዬ እመሰክራለሁ።»

«ጋሽ ወርቁ፣ ሰምተዋል?»

«ጆሮዬ እንደሁ ከድሮም አይሰማ፤ ብሰማስ ባልሰማስ ማን ያውቅብኛል?»

ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። መምሬ ግን ወለሉን ነበር የሚያዩት። ወሬውን ማን አስቀድሞ ገበያ እንዳወጣው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጋሽ ወርቁ መንገዱን እየጠረጉልኝ ነበር። ከዚያ ጋሽ ወርቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጽጌ የላከችውን ቃል ነገሩኝ። «አባዬ ራሱ ብሎ ከሆነ፣ ጽሑፉን በዐይኔ አይቼ እመጣለሁ። ሙት ዓመቱንም ከእማዬ ጋር በቤታችን እናወጣለን» ብላለች።

የምነግርህን ስማ፤ ከአንተ የምደብቀው የለኝም። ብዕሩን አነሣሁ። ልጄን ሰባት ወር በመቃብር ዳር ብቻ ነው ያየኋት። አንዲት መስመር ነበረች በመካከላችን። በልቤ አቀናበርኋት፤ አንተ እንደምትናገረው፣ ቃል እንደምትቆጥበው፣ መጨረሻ ላይ «በቃ» እንደምትለው። ጥርት ብላ መጣችልኝ። ቁርጥ አንተን ትመስል ነበር። የዚያን ጊዜ ፈራሁ። የሞተን ሰው አስመስሎ መናገር ይህን ያህል ይቀላል ብዬ አልገመትሁም ነበር። ያቺን መስመር ብጽፋት በሁለተኛው ዓመት እኔም አምናታለሁ። በሦስተኛው ዓመት ድምፅህን እየሰማሁባት አለቅሳለሁ። ያኔ እውነተኛው ደምሴ፣ ያልተናገረው ደምሴ፣ ከዓለም ላይ ይጠፋል፤ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኛ።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ መሰለህ። መሠረተ ትምህርት ሳስተምር ከኋላ ወንበር ተቀምጠህ ስትማር፣ በፈተናው አርባ ስምንት አምጥተህ ወደቅህ። ማለፊያው ሃምሳ ነበር። ከክፍል በኋላ መጥተህ «ሁለት ብቻ ጨምሪልኝ፣ እናቴ ታፍርብኛለች» አልኸኝ። አልጨመርሁልህም። በዓመቱ ለእኔ ሽማግሌ ስትልክ ያን ወረቀት አስይዘህ ላክህ፤ «ይህች ሴት የማይገባኝን እንደማትሰጠኝ አውቃለሁ፣ እሷን ነው የምፈልገው» ብለህ። አባቴ ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። አገባሁህ፤ ግን ነጥቡ አርባ ስምንት እንደሆነ ቀረ። በሁለተኛው ፈተና ሰማንያ ሁለት አመጣህ፤ ያንንም አልቀነስሁም።

በሕይወትህ ሁለት ነጥብ ያልጨመርሁልህን በሞትህ አንድ መስመር አልጨምርልህም።

በብዕሩ ባዶው ቦታ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሰያፍ መስመር አሰመርሁበት፤ ማንም፣ እኔም ብሆን፣ ነገ ሐሳቤን ቀይሬ እንዳልጽፍበት። ቀኑን ጽፌ ፈረምሁበት። ጋሽ ወርቁ ራሳቸውን ያዙ። «አይ የመርሐቤቴ ሰው! ድንጋይ!» አሉኝ። «ድንጋይስ እናንተ ዘንድ ነው የሞላው፤ እኔ ከእናንተ ነው የተማርሁት» አልኋቸው። መምሬ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። ሲወጡ መስቀሉን ዘረጉልኝና «አላዘዝሁሽም፣ አልከለከልሁሽም» አሉ። ታደለ ከበሩ ላይ የሆነውን ሁሉ ሰምቷል። ፈረሱ ላይ ወጣ። ሲሄድ ግን አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ፤ ሰላምታ ይሁን አንገቱን አሞት ይሁን ጊዜ ይነግረናል።

እንግዲህ ጽጌ በዚያ ወረቀት አትመጣም። ይህን አውቄ ነው ያደረግሁት። ከዚህ በኋላ ደጄን ሳትረግጥ ልትኖር ትችላለች፤ እኔን ደግሞ ሳትቀብረኝ።  ቢሆንም ልጄን በሐሰት ወደ ቤቴ ብመልሳት ማንን መለስሁ? አባቷ ያልተናገረውን ቃል ይዛ፣ እናቷ የሆነችውን ሳታውቅ ልትቀመጥ ነው። እንዲህ ከምትታረቀኝ እውነተኛይቱን አስካለን ብትጠላ ይሻለኛል። ለመጠላትም ቢሆን እኔው ራሴ ልሁን።

አንተን የማስታውስህ እንደነበርህ ነው። ፈረስ የምትወድ፣ ሰው ሲነካህ የምትኮራመት፣ ጃንጥላ የማትጥል፣ ትልቁን ነገር ሳትናገር የሄድህ ሰው። ያላልኸውን አልኸው ሲሉ ከሰማሁ፣ በቅዳሴ መካከልም ቢሆን፣ አርማለሁ። በሙት ዓመትህ ቀን ሰዉ ሲሰበሰብ ተነሥቼ እናገረዋለሁ። እስክሞት ድረስ አፍህን እጠብቅልሃለሁ፤ ማንም አይናገርበትም።

ነገ የማደርገውን ልንገርህ። መጀመሪያ በጎቹን አወጣለሁ፤ ጎረቤቴ እስከ ማታ ትጠብቅልኛለች፣ ጠይቄአታለሁ። ቀጥሎ ያን ጠንካራ ጫማዬን አደርጋለሁ፤ የሰኔ ጭቃ ነው። የደብረ ብርሃንን የመጀመሪያ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ሰያፍ የተሰመረበትን ኑዛዜህን እይዛለሁ፣ ሌላ ንጹሕ ወረቀትም እይዛለሁ። የጽጌን በር አንኳኳለሁ። ከከፈተችልኝ ቆሜ፣ ካልከፈተችልኝ በሩ ሥር ተቀምጬ፣ አባትሽ አላዘዘኝም፣ ሁለት ጊዜም «አይመለስም» ያልሁት እኔ ነኝ እላታለሁ። ይቅርታ አልጠይቃትም። ከዚያ ንጹሑን ወረቀትና ብዕሩን ለእሷ እሰጣታለሁ። ጸሐፊዬ እሷ ትሆናለች። ስለ ፈረስ፣ ስለ ባና አትጠይቀኝ። እኔ እንዲያ ብወድቅ፣ እንዲያ ብተኛ፣ ምን እንድታደርግልኝ እንደምፈልግ ትጠይቀኝ። አፍራ ዝም ብትል እጠብቃታለሁ። የመጨረሻው አውቶቡስ ቢሄድም ሳትጠይቀኝ ከዚያ አልነሣም።